የሚቆመው ጨረር

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ ታላቅ እኅቴ መተማ ዮሐንስ በተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ ዐረፈች። የተኛችው አንገረብ በምንለው፣ በገመድ በተጠለፈ የሱዳን አልጋ ላይ ነበር። ባሏ በራስጌዋ፣ እኔ በግርጌዋ ነበርን። ሰዓቱን ወዲያው ጻፍሁት። ብዙ ዓመት የሠራሁበት ሙያ እጄን አስለምዶታል፤ ሌላው አካሌ የሚሆነውን ሳያውቅ እጄ ደብተር ያወጣል።

ቀኑ የኅዳር ሚካኤል ስለነበር ጎረቤቱ ንግሥ ሄዶ ሰፈሩ ጭር ብሏል። በጉምሩኩ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ እንኳ አይሰማም። የእኅቴ ባል ዓይኖቿን ለመክደን ሞከሩ። ቀኙ እሺ አለ። ግራውን ከኋላው ያለው እብጠት ወደ ውጭ ገፍቶት ስለነበር አልከደን አለ። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ስበው ሸፈኑት።

ወደዚያ ቀን ያደረሰንን በተራ እጽፋለሁ።

እኅቴ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ወላጆቻችን ከደጋ ወርደው ቋራ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። እናታችን በወባ ስትሞት እኔ ገና አፌን አልፈታሁም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፊደል አስቆጠረችኝ ማለት አልችልም፤ ፊደል አታውቅም። ግን ገለጉ ድረስ በእግሯ ወስዳ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ፣ ቆይቶም ጎንደር የላከችኝ እሷ ናት። ያገባችው ከገለጉ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ሰው ነው። በዕድሜ ከእሷም ስለሚበልጡ እስከ ዛሬ በአንቱታ ነው የምጠራቸው።

እኔ ከመተማ ዮሐንስ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዘገባ እልካለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስለ እርሻና ስለ ጤና የማወራበት የሩብ ሰዓት ዝግጅት አለኝ። እኅቴ አንድ ቀን አምልጧት አያውቅም። የምትሰማው ግን ልታደንቀኝ አይደለም፤ ስሕተት ልትይዝብኝ ነው። «ስብሰባው በሦስት ሰዓት ተጀመረ አልህ አይደል? እዚያ የነበረ ሰው አራት ሰዓት አልፎ ነበር ብሎኛል» ትለኛለች። አጣርቼ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ትክክል ናት። አለቆቼ ካረሙኝ ይልቅ እሷ ያረመችኝ ይበልጣል።

ሕመሙ የጀመራት በጥር ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ከግራ አፍንጫዋ ደም፣ ቀጥሎ አንዱ ነገር ሁለት እየሆነ ይታያት ጀመር። ስልክ ደውላ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነበር።

«ትናንት ባሌ ከማሳ ሁለት ሁኖ መጣ። አንዱ መቼ አነሰኝ?»

ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው የቆላ ሰው የሚሄደው በገለባት ወደ ሱዳን ተሻግሮ ገዳሪፍ ነበር። እኅቴም የሐሞት ጠጠሯን ያስወጣችው እዚያ ነው። ወዲያ ማዶ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ግን መንገዱ ተገላብጦ እነሱ ወደ እኛ ይመጣሉ። ስለዚህ ጎንደር ወሰድኋት። በሲቲ ስካን ተነሣች። ሐኪሙ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ አሳየኝ፤ ከአፍንጫዋ በስተኋላ፣ የራስ ቅሏ ወለል ላይ የበቀለ እብጠት ነበር፤ የግራ ዓይኗን ነርቭ ተጭኖታል። ቢላዋ ሁሉንም ሊያወጣው አይችልም አለኝ። የተለመደው ጨረርም እብጠቱን አልፎ ነርቩንና አንጎሏን ይነካል። የእብጠቱ ዓይነት ሳይታወቅ ግን ምንም መወሰን አይቻልም፤ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት።

ያ ግንቦት ነበር። እኅቴ ናሙናውን አሁን አልሰጥም አለች። «ዝናቡ መጣ። ዘሩ ይዘራና እመለሳለሁ።» ለመንኋት። «አንተ ዜና አለህ፣ እኔ ማሳ አለኝ» ብላ ወረደች።

በሰኔ አጋማሽ ለዝግጅቴ ከውጭ የሚሆን የጤና ዜና ስፈልግ አንድ መግለጫ አገኘሁ። በአንድ የእስያ አገር የካንሰር ሕመምተኞችን በፕሮቶን ጨረር የሚያክም አዲስ ማዕከል ተመርቋል ይላል። የቦታውን ስም እዚህ አልደግመውም። መግለጫው ሁለት ገጽ ነበር። አንደኛው ገጽ ስልኬ ላይ እንደ ወረደ ኔትወርክ ጠፋ። ለመቅረጽ አንድ ሰዓት ቀርቶኛል። አንብቤ ያልጨረስሁትን ጽሑፍ ለአየር አላበቃም፤ ይህ ደንቤ ነው። ያን ቀን አበቃሁት። የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦

«ካንሰርን በፕሮቶን ጨረር የሚያክም አዲስ ማዕከል ተከፍቶ ሕክምና ጀመረ። ይህ ጨረር እንደ ተለመደው ጨረር እብጠቱን አልፎ ጤነኛውን አካል አይጎዳም፤ በታዘዘበት ጥልቀት ላይ ይቆማል። በዓይንና በአንጎል አጠገብ ላሉ እብጠቶች ይመረጣል። ማዕከሉ ከሌላ አገር ለሚመጡ ጥቂት ታካሚዎች ነጻ ቦታ መያዙን አስታውቋል።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። «ሕክምና ጀመረ» የሚለው መግለጫው ላይ አልነበረም። የተመረቀ ነገር ሥራ ይጀምራል ብዬ የጨመርሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት እኅቴ ደወለች። በእነሱ መንደር ስልክ የሚሠራው ከጉብታው ላይ ስለሆነ ነፋሱ አብሯት ያወራል።

«አንተ፣ የትናንቱ እውነት ነው?»

«የቱ?»

«የሚቆመው ጨረር ነዋ!»

«እውነት ነው። ራሳቸው የጻፉት ነው።»

«እንዴት ነው የሚቆም? ጨረር ብርሃን አይደለም እንዴ? ብርሃን ግድግዳ ካላገኘ መቼ ይቆማል?»

«ጉልበቱን መጥነው ነው የሚለቁት። ልኩ ቦታ ሲደርስ ጉልበቱን እዚያው ያራግፍና ያበቃል።»

«እንግዲያ ከእኛ ትራክተር ነጂ ይሻላል። የእሱ ጉልበት የሚያልቅ የሰው ማሳ ገብቶ ነው።» ሳቀች። ከዚያ ሳቁን ተወችው። «ለእኔ ይሆናል?»

«አጣርቼ እነግርሻለሁ።»

«ተማም። አጣራ» አለችኝ። ይህን «እሺ፣ ደኅና» ለማለት የምንጠቀምበትን ቃል ከሱዳን ነጋዴዎች ነው የለመድነው።

በዚያው ቀን ለማዕከሉ ጻፍሁ። በአራተኛው ቀን መለሱልኝ። የሲቲ ስካኑ ፊልም፣ የሐኪም ደብዳቤና የናሙናው ውጤት ይላክ፤ ሦስቱ ሲሟሉ ሐኪሞቻችን ያዩታል ይላል። ፊልሙና ደብዳቤው በእጄ ነበሩ። የጎደለው የናሙናው ውጤት ነው። መቼ ታካሚ እንደሚቀበሉ አልጻፉም። እኔም አልጠየቅሁም። ለሰው ሁሉ የማቀርበውን «መቼ?» የሚለውን ጥያቄ ለእነሱ ሳላቀርብ ቀረሁ።

በሐምሌ መጀመሪያ በወር አንድ ጊዜ ከደጋ የሚወርደው ቀዶ ሐኪም ቆላ ላይ እኅቴን አያት። እብጠቱ በግራ አፍንጫዋ ብቅ ብሎ ስለነበር ከዚያው ላይ ቁራሽ ወሰደ። ቁራሿን ፎርማሊን ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ከትቶ ለባሏ ሰጣቸው። በእኛ አገር ናሙናን ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። «በሦስት ቀን ጎንደር ይድረስ። እንዳይደርቅ። አደራ፣ እንዳይደርቅ» አላቸው። እኔ በዚያ ሳምንት በድንበሩ የሚገቡትን ስደተኞች ልዘግብ ታዝዤ ነበር። ብልቃጡን እኔ ልያዘው አላልሁም።

መንገዱ በዚያ ሰሞን መኪና በእጀባ ካልሆነ አያስወጣም ነበር። እጀባው ደግሞ አምስት ቀን ዘገየ። የእኅቴ ባል ብልቃጡን በጋቢያቸው ጠቅልለው አምስት ቀን ጠበቁ። ጎንደር የገቡት ናሙናው በተወሰደ በሰባተኛው ቀን ነው። ላቦራቶሪው ተረከባቸው፤ ደረሰኙንም በስልክ አነበቡልኝ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው ውጤት አንድ መስመር ነው፦ ናሙናው በስብሷል፣ ማንበብ አልተቻለም። ላቦራቶሪው ደወልሁ። ያነጋገረችኝ ባለሙያ ትሑት ሴት ነበረች። «ብልቃጡን ስከፍተው ፎርማሊን ፎርማሊን አልሸተተኝም። ውኃ ነው የመሰለኝ» አለችኝ።

የእኅቴ ባል ለማሳው ማዳበሪያና ጆንያ ሊገዙ መተማ ዮሐንስ በመጡ ቀን፣ ከገበያው አጠገብ ሻይ ቤት አስቀምጬ ጠየቅኋቸው። በሥራዬ ላይ እንደማደርገው ነው የጠየቅኋቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ። አሁን ሳስበው ለእሳቸው እንደዚያ መጠየቅ አልነበረብኝም።

«ጋሼ፣ ብልቃጡን መንገድ ላይ ከፍተውት ነበር?»

«አልከፈትሁትም።»

«ፈስሶ ነበር?»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ አዞሩት።

«ባጃጅ ላይ ፈሰሰ። ክዳኑ ላልቶ። ጋቢዬን አራሰው፤ ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ።»

«ሁሉም ፈሰሰ?»

«ከሥር ትንሽ ቀረች። ሥጋዋ ከላይ ልትደርቅ ስትል አየኋት። ሐኪሙ እንዳይደርቅ ብሎ የለም? ሁለት ጊዜ ነው ያለ። አንተ አልነበርህም፤ እኔ ነኝ የሰማሁ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ጠበል ጨመርሁበት።»

ደብተሬ ክፍት ነበር። አልጻፍሁም።

«ለእሷ በጀሪካን ይዠላት ነበር» አሉ። «ምን ልጨምር? የወንዝ ውኃ ልጨምር? ደፍርሷል። የባጃጁ ልጅ የፕላስቲክ ውኃ ልስጥህ አለኝ። የማን እጅ እንደነካው ምን አውቄ? የእሷ ሥጋ አይደለም እንዴ! ከያዝሁት ሁሉ ንጹሑን ነው ያደረግሁላት።» ቀና ብለው አዩኝ። «በእሱ ነው እንዴ?»

ፎርማሊን ሥጋን ከመበስበስ የሚጠብቅ መድኃኒት እንደሆነ፣ ውኃ ግን ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ይህን እንደማያደርግ ነገርኋቸው። በጥቂት ቃል ነው የነገርኋቸው። እሳቸውም አልተከራከሩኝም። ጆንያዎቹን ተሸከሙ። ሊሄዱ ሲሉ፣ «ለእሷ አልነገርኋትም። አንተ ንገራት» አሉኝ።

አልነገርኋትም። በስልክ «ናሙናው መንገድ ላይ ተበላሽቷል፤ እንደገና ይወሰዳል» አልኋት። ትክክል ነበር፤ ሙሉ ግን አልነበረም።

«ማን አበላሸው?»

«መንገዱ።»

«መንገድ ሰው ነው? ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ሠሪው የማይታወቅ ዜና የምታወራ?»

በነሐሴ ወንዞቹ ሞልተው ከቋራ መውጣት አልተቻለም። በዚያ ወር ቀዶ ሐኪሙም አልወረደም። ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ሰሊጡ ደረሰ።

ሰሊጥ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ይህን ማወቅ አለበት። ማሽላ ደርሶ ሳምንት ቢቆም ምንም አይሆንም። ሰሊጥ ግን ሲበስል ከረጢቱ ከላይ ይከፈታል፤ በሁለት በሦስት ቀን ካልታጨደ ነፋስ በነካው ቁጥር ፍሬው መሬት ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ ቆላው በሙሉ ይቸኩላል። ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ማሳው ዳር በዳስ ያድራሉ፤ የእርሻው ባለቤት ሚስት ታበላቸዋለች። እኅቴ ይህን ሥራ በሕይወቷ ለሌላ ሰው ሰጥታ አታውቅም።

ልወስዳት ሄድሁ። ከገለጉ በትራክተር ተሳቢ፣ ከዚያ በእግሬ። ስደርስ ግራ ዓይኗን በጨርቅ አስራ፣ በርሜል በሚያህል ድስት ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ከስታለች። ሠራተኞቹ ከማሳ ገብተው እየበሉ ነበር። አንዱ ጎጃሜ፣

«እማማ፣ ዛሬስ ጨው በዝቶበታል» አላት።

«በአንድ ዓይኔ የሠራሁት ነው። ሁለተኛውን ስፈታው ልኩ ይመጣል፤ እስከዚያ ውኃ ጠጣ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ጎጃሜው ግን አልሳቀም፤ ተነሥቶ ድስቱን አወረደላት።

ምሳው ካበቃ በኋላ ከዳሱ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ቀዶ ሐኪሙ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚወርድ ነገርኋት።

«አሁን አልችልም።»

«እታለም፣ እብጠቱ አይጠብቅም።»

«ሰሊጡስ ይጠብቃል? ይኸውልህ፣ ዛሬ የቆመው ነገ ይረግፋል። እኔ ግን ይኸው እስካሁን አልረገፍሁ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጠበሉን አውቃለሁ» አለችኝ።

ማን እንደነገራት ጠየቅሁ።

«ማንም። ጋቢው ያን የሐኪም ቤት ሽታ ይሸታል። የሞላው ጀሪካን ጎድሎ ተመለሰ፤ እኔ ደግሞ አልጠጣሁለትም። ማታ ማታ ተነሥቶ ይቀመጣል። ምን ይነግሩኛል?»

«ልንገራቸው እንዴ፣ እንደምታውቂ?»

«ተወው። የማላውቅ ይመስለዋል፤ እንደዚያው ይሁን። ግን አንድ ቀን አንተን ይጠይቅሃል። ያን ጊዜ አጣርተህ ንገረው። እንዳታጽናናው። ማጽናናት አትችልበትም።»

ተነሥታ ወደ ድስቱ ሄደች።

የመጨረሻው ማሳ ታጭዶ፣ ነዶው ሂላ በሚባለው ክምር ቆሞ እንዲደርቅ በተተወ ማግስት እኅቴ እኔ ዘንድ መጣች። ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ሁለተኛው ናሙና ተወሰደ። በሁለት ብልቃጥ አስከፈልሁት፤ ክዳኖቹን በፕላስተር አሸግሁ፤ በማግስቱ በራሴ እጅ ጎንደር አስረከብሁ። ውጤቱ በዘጠነኛው ቀን ወጣ። ተነበበ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰነድ ለማዕከሉ ላክሁ።

እኅቴ ወደ ቋራ አልተመለሰችም። መልስ ሲመጣ ለጉዞ እንድትቀርብ ብለን እኔ ቤት አስቀመጥናት። በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት ምግብ መዋጥ አቃታት። ከአፍንጫዋ የሚወርደው ደም ለረጅም ጊዜ አልቆም ይል ጀመር። ሐኪም እየመጣ አያት፤ ማስታገሻ ሰጣት፤ መንገድ አትችልም አለን። ባሏ ሰሊጡን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው መጡ። በጋቢያቸው ተጠቅልለው በራስጌዋ ይቀመጣሉ፤ ጋቢው ታጥቦ ነበር።

ኅዳር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ጠየቀችኝ።

«መለሱ?»

«ደርሶናል፣ ሐኪሞቻችን እያዩት ነው ብለዋል።»

«ደርሶናል ካሉ ደኅና ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ሰሊጡስ ተራገፈ?»

ባሏ ለእኔ ሳይተዉት ራሳቸው መለሱ። «ነገ ይጀምራሉ።»

«ሸራው እንዳይቀደድ ንገራቸው። ዓምና በቀዳዳው ስንት ፍሬ ነው መሬት የበላው።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ጥቂት ነገር የቤተሰብ ነው።

በሞተች ዕለት በፒክአፕ ወደ ቋራ ወሰድናት። በማግስቱ ጠዋት እናታችን ባለችበት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው መጥተዋል። ድስቱን ያወረደላት ጎጃሜ ሳጥኗን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ከቀብር መልስ ማሳው ዳር ሳልፍ ሸራው ተነጥፎ፣ ነዶው ተዘቅዝቆ የሚራገፍበት ቦታ ላይ ማንም አልነበረም። ሸራው አንድ ጥጉ በአዲስ ክር ተጥፏል።

መተማ ዮሐንስ ስመለስ የሰኔውን መግለጫ እንደገና ፈለግሁት። ሁለቱንም ገጽ አወረድሁ። በሁለተኛው ገጽ፣ በመጨረሻው አንቀጽ፣ ማዕከሉ ታካሚ መቀበል የሚጀምረው የመሣሪያው ፍተሻ ሲያበቃ መሆኑ ተጽፏል። ቀን አልተጠቀሰም። አንቀጹን ደብተሬ ላይ ገለበጥሁት። እኅቴ ሰምታው ቢሆን የምትለኝን አውቀዋለሁ።

አርባዋ የወጣው በታኅሣሥ ነው። ቄሶቹና ለቀስተኛው ከተሸኙ በኋላ የእኅቴ ባል ከበረቱ አጠገብ ጠሩኝ። የእኅቴን ሬዲዮ ይዘዋል። ስታንቀሳቅሰው ይጠፋ ስለነበር ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ያ ብልቃጥ ባይበላሽ ኖሮ፣ ሐምሌ ላይ ወረቀቱ ቢሄድ ኖሮ፣ ጨረሩ ቦታ ትደርስ ነበር?»

የማውቀውን ከማላውቀው ለይቼ ነገርኋቸው። ሕክምና ጀመረ ያልሁት ያልተጣራ እንደነበር፣ ሁለተኛውን ገጽ ሳላነብ በሬዲዮ እንዳወራሁት፣ መቼ እንደጀመሩ ግን ገና እንደማላውቅ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«አንተም?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ። እኔም።»

«እንግዲያ ጻፍና ጠይቅ። መልሱ ሲመጣ በስልክ እንዳትነግረኝ። ስልክ ሰው ለማጽናናት ይመቻል። በዚህ ንገረኝ፣ እሷ በምትሰማህ።» ሬዲዮውን አነሡ። «በዚህ ብትዋሽ እሷ ትይዝሃለች።»

በማግስቱ ለማዕከሉ ጻፍሁ። ታካሚዋ ማረፏን፣ ፋይሏ እንዲዘጋ አስታወቅሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ የመጀመሪያ ታካሚያችሁን የተቀበላችሁት መቼ ነው? በአምስተኛው ቀን መልሱ መጣ። በዚያ ብቻ አልበቃኝም፤ የአገሩን ጋዜጣ ፈልጌ አመሳከርሁት። ቀኑ አንድ ሆነ።

በሚቀጥለው ዝግጅቴ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከማሽላው ዜና አስቀድሜ የሚከተለውን ማረሚያ አነበብሁ፦

«በሰኔ ወር በዚህ ዝግጅት የፕሮቶን ጨረር ማዕከል ሕክምና ጀመረ ብለን ያቀረብነው ዜና ስሕተት ነበር። በዚያ ጊዜ ማዕከሉ ተመረቀ እንጂ ሥራ አልጀመረም። የመጀመሪያ ታካሚውን የተቀበለው ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን ነው።»